በቅጽበት የሚወጣ ፎቶግራፍ፤ ጥራቱና ለሕዝቦች ጥናት ያለው ዋጋ

ፎቶግራፍ የሕዝቦችን ልማድና አኗኗር ለሚመረምር ሰው ከማስታወሻ ደብተር ቀጥሎ የሚያስፈልግ መሣሪያ ከሆነ ብዙ ዘመን አልፎታል። ነገር ግን በተለመደው ፊልም የሚነሣው ሥዕል የሚታጠበው በሌላ ስፍራና በሌላ ጊዜ ስለ ሆነ፣ ተመራማሪው ፊልሙን ጠቅልሎ ወደ ከተማ ሲመለስ፣ ፊቱን የሰጠው ባላገር የገዛ መልኩን ሳያይ ይቀራል። ሥዕሉ በመጽሐፍ ታትሞ በሩቅ አገር ቤተ መጻሕፍት ሲቀመጥም ባለመልኩ ወሬውን እንኳ አይሰማም። በቅጽበት የሚወጣው ፎቶግራፍ ይህን ልማድ የለወጠ በመሆኑ፣ የሥዕሉ ጥራት ምን ያህል እንደ ሆነና ጉድለቱ ከምን እንደሚመጣ መረዳት ለዚህ ጥናት ተማሪዎች ይጠቅማል። ከዚህ በታች የተመለከቱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የመሣሪያው ፈልሳፊ አሜሪካዊው ኤድዊን ላንድ ነው። ላንድ በ1937 የፖላሮይድን ኩባንያ በማሳቹሴትስ ግዛት በኬምብሪጅ ከተማ አቋቁሞ ሲሠራ ቆይቶ፣ በ1943 በሳንታ ፌ ለዕረፍት ሳለ የሦስት ዓመት ልጁ፣ አባቷ ያነሣትን ፎቶግራፍ ወዲያው ማየት የማይቻለው ስለ ምን እንደ ሆነ ጠየቀችው። ከዚህ የሕፃን ጥያቄ የተነሣው ሐሳብ በ1947 በኒው ዮርክ በብርሃን ሳይንስ ሊቃውንት ጉባኤ ፊት በሥራ ታየ። የመጀመሪያው ካሜራም በ1948 መጨረሻ በቦስተን ከተማ በ89 ዶላር ከ75 ሳንቲም ለገበያ ቀረበ። በመጀመሪያ የወጣው ሥዕል ቡናማ ነበር፤ ጥቁርና ነጩ በ1950፣ ባለቀለሙ ደግሞ በ1963 ተከተሉ። በ1972 የወጣው ኤስ ኤክስ 70 የተባለው ካሜራ ግን፣ ምንም ሳይላጥና ሳይጣል በአንድ በታሸገ ሉክ ውስጥ ሥዕሉ ከተመልካቹ ዓይን ፊት ቀስ በቀስ እንዲወጣ አደረገ።

ለመሆኑ ሥዕሉ ያለ ጨለማ ክፍልና ያለ ውሃ እንዴት ይወጣል? በፊልሙ ጠርዝ በትንሽ ከረጢት የታሸገ ዝልግልግ ቅመም አለ። ፊልሙ በሁለት ተሽከርካሪ ዘንጎች መካከል ተጨምቆ ሲያልፍ ከረጢቱ ይፈነዳና፣ ቅመሙ በኔጋቲቩና ሥዕሉን በሚቀበለው ገጽ መካከል በእኩል ይሰራጫል። ብርሃን ያገኛቸው የብር ጨው ቅንጣቶች እዚያው ባሉበት ወደ ብርነት ተለውጠው ይቀራሉ፤ ብርሃን ያላገኛቸው ግን በቅመሙ ሟሙተው ወደ ተቀባዩ ገጽ ይሻገሩና በዚያ ጥቁር ብር ሆነው ይቀመጣሉ። በዚህም ምክንያት ብርሃን የበዛበት ስፍራ ነጭ፣ ጥላ የነበረበትም ጥቁር ሆኖ ይታያል። በባለቀለሙ ፊልም የሚሻገረው ብር ሳይሆን ቀለም ነው፤ አሠራሩ ግን በመሠረቱ ከዚህ አይለይም።

እንግዲህ የሥዕሉ ጥራትም ጉድለትም የሚመነጨው ከዚሁ ከመሻገር ሥራ ነው። አንደኛ፣ ሥዕሉ የሚወጣው በፊልሙ ልክ እንጂ እንደ ተለመደው ኔጋቲቭ ተጎልቶ አይደለም። የፖላሮይድ አራት ማዕዘን ሥዕል ጎኑ 8 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ የጃፓኑ ፉጂፊልም በ1998 ለገበያ ያወጣው ኢንስታክስ ሚኒ ሥዕል ደግሞ 62 በ46 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ የአንድን ሰው ፊት ወይም የአንድን ዕቃ ቅርጽ ደኅና አድርጎ ያሳያል፤ የሠርግ ጉባኤን ወይም የገበያን ሕዝብ ግን እያንዳንዱን ሰው ለይቶ ለማሳየት አይበቃም።

ሁለተኛ፣ የቅመሙ ሥራ በሙቀትና በቅዝቃዜ ይለወጣል። ዛሬ ለሚሠራው የፖላሮይድ ፊልም የሚስማማው ከ13 እስከ 28 ሴንቲግሬድ ያለው አየር ነው። ከዚያ በታች ሥዕሉ ይገረጣል፣ ወደ ሰማያዊነትም ያደላል፤ ከዚያ በላይ ወደ ቢጫነት ወይም ወደ ቀይነት ይሄዳል። በደብረ ብርሃን ማለዳና በአፋር ቆላ ቀትር ላይ በአንድ ፊልም የተነሡ ሁለት ሥዕሎች ቢነጻጸሩ፣ የሚታየው የቀለም ልዩነት የሰዎቹ ወይም የልብሳቸው ልዩነት ላይሆን ይችላል። ስለ ልብስ ቀለም ወይም ስለ ሸክላ ዓይነት ከእንዲህ ያለ ሥዕል ማስረጃ የሚጠቅስ ሰው ይህን ሳያስተውል ቢቀር ስሕተት ላይ ይወድቃል።

ሦስተኛ፣ ፊልሙ የብርሃን ትርፍንም ጉድለትንም ብዙ አይታገሥም። ካሜራው ብርሃንን በራሱ የሚለካ ሲሆን ከፊቱ ያለውን ሁሉ አማካይ አድርጎ ይወስዳል። ነጭ ሸማ የለበሰ ጠይም ሰው በፀሐይ ቢቆም፣ መለኪያው በሸማው ንጣት ተታሎ ብርሃኑን ይቀንሳል፤ ሸማው አምሮ ሲወጣ ፊቱ እንደ ጥላ ይጠቁራል። ይህ የፊቱ ጉድለት ሳይሆን የመለኪያው ነው። ሰውየውን ወደ ጥላ ማዛወርና የካሜራውን ማስተካከያ ወደ ብሩህነት ማዞር ነገሩን በብዛት ያቃናዋል።

አራተኛው የዕድሜ ነገር ነው። የቀድሞዎቹ ጥቁርና ነጭ ሥዕሎች በመጠበቂያ ፈሳሽ ካልተቀቡ ይደበዝዙ ነበር። በታሸገው ሉክ የሚወጡት ባለቀለሞችም በብርሃን ይለዝዛሉ፤ በጨለማ ቢቀመጡ እንኳ ከዘመን ብዛት የመበለዝ ጠባይ ታይቶባቸዋል።

ከእነዚህ ሁሉ የሚከብደው ግን ሥዕሉ አንድ ብቻ መሆኑ ነው። በ1961 የወጣውና ቁጥር 55 የተባለው የፖላሮይድ ፊልም ሥዕልንም ለብዜት የሚሆን ኔጋቲቭንም አብሮ ይሰጥ ነበር። ታላቁ ፎቶግራፍ አንሺ አንሰል አዳምስ የኤል ካፒታንን ተራራ በክረምት ማለዳ በ1968 ያነሣው በዚሁ ፊልም ነው፤ ይህም በቅጽበት የሚወጣ ፎቶግራፍ ሁሉ ዝቅተኛ ነው የሚለውን አስተያየት የሚያፈርስ ምስክር ነው። ኩባንያው ፊልም መሥራት ባቆመበት በ2008 ግን ይህ ፊልም ቀረ። በተለመደው ዓይነት ተመራማሪው ሥዕሉን ለባለመልኩ ቢሰጥ ማስረጃውን ያጣል፤ ቢያስቀር ደግሞ ባለመልኩ በዓይኑ ያየውን ንብረት ከእጁ ይወስድበታል። ከዚህ በፊት ያላየውን ነገር አልተነፈገም ነበር፤ አሁን ግን ዓይኑ እያየ ይነፈጋል።

ሥዕል መስጠትም ቢሆን ቀላል ነገር አይደለም። ኤድመንድ ካርፔንተር የተባለ የሥነ ሰብእ ሊቅ በ1969 እና በ1970 በኒው ጊኒ ከውጭ ሰው ጋር እምብዛም ላልተገናኙ ሰዎች የፖላሮይድ ሥዕላቸውን አሳይቶ ነበር። እርሱ እንደ ጻፈው፣ ሰዎቹ በመጀመሪያ ሥዕሉን ማንበብ አልቻሉም፤ የገዛ መልካቸው መሆኑን በተረዱ ጊዜ ግን ደንግጠው አፋቸውን እየሸፈኑ ፊታቸውን አዞሩ። ጥቂት ጊዜ ሳይቆይም እርስ በርሳቸው ይነሣሡ፣ ሥዕላቸውንም በግንባራቸው ላይ አድርገው ይታዩ ጀመር። እንዲህ ያለውን ለውጥ በሰው ላይ ማምጣት ለአንድ ተመራማሪ የተፈቀደ ነውን? የሚለው ክርክር ከዚያ ወዲህ ተነሥቷል።

ፍጥነቱ ለጭቆና ያገለገለበትም ጊዜ አለ። በደቡብ አፍሪቃ በአፓርታይድ ዘመን ጥቁሮች እንዲይዙት ለሚገደዱት የይለፍ ደብተር ፎቶግራፍ የሚነሣው በከፊል በፖላሮይድ መሣሪያ ነበር። ካሮሊን ሃንተርና ኬን ዊሊያምስ የተባሉ ሁለት ጥቁር የኩባንያው ሠራተኞች ይህን በ1970 ገልጠው ተቃውሞ አስነሡ፤ ኩባንያውም በ1977 ከዚያ አገር ንግዱን አቋረጠ። ለአንዱ ስጦታ የሆነው የአንድ ደቂቃ ሥዕል፣ ለሌላው መታሰሪያ ሆኖ እንደ ነበር ከዚህ ይታያል።

ፊልሙ በ2008 ቢቀርም፣ በኔዘርላንድ በኤንስኬዴ የነበረውን የመጨረሻውን ፋብሪካ ጥቂት ሰዎች አድነው ከ2010 ጀምሮ አዲስ ፊልም ማውጣት ችለዋል፤ ስሙም በ2020 ተመልሶ ፖላሮይድ ተብሏል። ስለዚህ መሣሪያው ዛሬም በተመራማሪ እጅ ሊገኝ ይችላል። የሚጠቀምበት ሰው ከአንድ ሁለት ሥዕል አንሥቶ የተሻለውን ለባለመልኩ ይስጥ፤ የቀረውን ሳይውል ሳያድር በሌላ ካሜራ ይገልብጥ፤ በጠርዙም ቀኑን፣ ስፍራውንና የአየሩን ሁኔታ ይጻፍበት። የሥዕል ጥራት የሚመዘነው በመስመሩ ጥራትና በቀለሙ ብቻ አይደለምና። ለማን እንደ ተነሣና በማን እጅ እንደ ቀረም አብሮ ይመዘናል፤ ይህን ሚዛን ደግሞ ካሜራው ሊለካው አይችልም።