የማንኩሳ በርበሬ ዋጋ የሚቆረጠው መንገዱ ላይ ነው

አንባቢ ማንኩሳን የሚያውቃት በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት በዚህ ልብ ወለድ የበዛብህ ወላጆች ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ የማንኩሳ ሰዎች ናቸው። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ደግሞ መጽሐፉን ያላነበበውም ስሟን ለመደ። የመርካቶ ነጋዴ ግን ይህን አገር የሚያውቀው በበርበሬው ነው።

ከተማዋ በምዕራብ ጎጃም፣ በጃቢ ጠህናን ወረዳ፣ ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ መካከል ትገኛለች። በአካባቢው በቆሎው፣ ጤፉና ዳጉሳው ከጎተራ ይገባሉ፤ በርበሬው ግን ገና ሲተከል ለገበያ የታሰበ ነው። ለግብር፣ ለማዳበሪያ ዕዳ፣ ለልጆች ልብስ የሚሆነው ጥሬ ገንዘብ የሚጠበቀው ከዚሁ ከቀዩ ዛላ ነው።

ይህ ዛላ ከገበሬው እጅ ሲወጣና አዲስ አበባ በርበሬ ተራ ሲደርስ ባለው ዋጋ መካከል ያለውን ርቀት ብዙ ሰው በደላላ ያሳብባል። ደላላው ድርሻውን መውሰዱ እውነት ነው። ዋናው ምክንያት ግን የዕቃው ጠባይ ነው። ደረቅ ዛላ ቀላልና ቦታ ፈጅ ነው፤ መኪናው ሊሸከም የሚችለውን ክብደት ገና ሳያገኝ በጆንያ ይሞላል። ባለመኪናው የሚያስከፍለው ለጉዞው በመሆኑ፣ በአንድ ኪሎ በርበሬ ላይ የሚያርፈው ኪራይ በአንድ ኪሎ በቆሎ ላይ ከሚያርፈው እጅግ ይበልጣል። ስለዚህ የመንገድ ወጪ በጨመረ ቁጥር ከሁሉ ቀድሞ የሚጎዳው በርበሬ ነው። የማረቆና የሀላባ በርበሬ ለአዲስ አበባ የቀረበ ሲሆን የዓባይን በረሃ አያቋርጥም። የጎጃሙ ነጋዴ ከእነዚህ ጋር ለመወዳደር ልዩነቱን ከገበሬው ዋጋ ላይ ይቀንሳል።

የጎጃም ንግድ ከመንገድ ጋር የታሰረው ዛሬ አይደለም። በ19ኛው መቶ ዘመን ትልቁ የባሶ ገበያ ከዓባይ ማዶ በሚመጣው ቡና፣ ወርቅ፣ ዝባድና የዝሆን ጥርስ ይደራ ነበር፤ አሞሌ ጨውና ጠገራ ብር መገበያያ ነበሩ። የባሪያ ንግድም የዚያው ገበያ አካል እንደነበረ መደበቅ አይገባም። በምዕራቡ በኩል ደግሞ ቡሬ ወደ ወለጋ የመሻገሪያ በር ነበረች። በ1874 ዓ.ም. ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በእምባቦ በሸዋ ጦር ሲሸነፉ ጎጃም ያጣው ግዛት ብቻ አልነበረም፤ ከዓባይ ማዶ የሚመጣው የንግድ መስመር ወደ ሸዋ ዞረ። በ1909 ዓ.ም. የጅቡቲው ባቡር አዲስ አበባ ሲገባ የንግዱ ፊት ጨርሶ ወደዚያ ሆነ። ጣሊያንም የአገሩን ነገር ከመንገዱ ነጥሎ አላየውም፤ በ1933 ዓ.ም. የዊንጌት ጦር የገጠማቸው የቡሬና የማንኩሳ ምሽጎች ይህንኑ መስመር የሚጠብቁ ነበሩ።

ቡሬ በ2013 ዓ.ም. ተስፋዋ ታድሶ ነበር። የተቀናጀው የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርክና በቀን 1.5 ሚሊዮን ሊትር ዘይት ለማምረት የታሰበው የፊቤላ ፋብሪካ የተመረቁት በዚያ ዓመት ነው። ይህን ለሚያህል ፋብሪካ የአገሩ ኑግ ስለማይበቃ ሥራው ከውጭ በሚገባ ድፍድፍ የፓልም ዘይት ላይ ተመሠረተ። ድፍድፉ የውጭ ምንዛሪና ከወደብ ቡሬ ድረስ ክፍት የሆነ መንገድ ይጠይቃል፤ ሁለቱም ችግር ላይ ወደቁ። ቡሬን ከነቀምቴ የሚያገናኘው አሮጌው መሻገሪያ በምሥራቅ ወለጋ በተከሰተው ግጭት በተደጋጋሚ ተቋርጧል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል የተነሣው ጦርነት የአዲስ አበባውን መንገድ አንዴ ሲዘጋው አንዴ ሲከፍተው ቆይቷል። ፍኖተ ሰላም ማለት የሰላም መንገድ ማለት ነው፤ ስሙ ከዘመኑ ጋር አልገጠመም።

መንገድ ሲዘጋ ገበሬው ዘንድ ዋጋ ይወድቃል፣ አዲስ አበባ ላይ ይወጣል። ልዩነቱ ትርፍ የሚመስለው ግን ላልገባበት ሰው ነው። ከውስጡ የመኪናው ሥጋት፣ በየኬላው የሚከፈለው፣ ታስሮ የሚቆየው ገንዘብና በመጋዘን የሚሰባበረው ዛላ ሲቀነስ የሚተርፈው ጥቂት ነው።

እዚያው ፈጭቶ መላክ የጭነቱን ችግር በከፊል ይፈታ ነበር፤ የተፈጨ በርበሬ ከዛላ ያነሰ ቦታ ይይዛልና። ችግሩ እምነት ነው። ገዢው ሸክላ ወይም ቀይ አፈር ተደባልቆ ይሆናል ብሎ ስለሚሠጋ ዛላውን በዓይኑ አይቶ፣ ቀለሙን ለይቶ፣ አናውጦ የፍሬውን ድምፅ ሰምቶ መግዛት ይመርጣል። ስለዚህ በአገሩ ወፍጮ ለመትከል የሚያስብ ባለሀብት ከወፍጮው እኩል ስሙን የሚያስከብርለት የታሸገ ዕቃና ምርመራ ያስፈልገዋል።

ዛላውም ቢሆን ከነውር ነፃ አይደለም። እንዳይሰባበርና ሚዛን እንዲያነሣ ውሃ የሚረጩበት አሉ። እርጥበቱ ሻጋታ፣ ሻጋታው አፍላቶክሲን የተባለውን መርዝ ያመጣል። የአውሮፓ ኅብረት በአንድ ኪሎ በርበሬ ውስጥ ከ10 ማይክሮግራም በላይ ጠቅላላ አፍላቶክሲን አይቀበልም፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ደንብም የኢትዮጵያን በርበሬና ቅመማ ቅመም ተጨማሪ ቁጥጥር ከሚደረግባቸው ዕቃዎች መካከል አስገብቷል። በሚዛን የተገኘችው ጥቂት ኪሎ ሙሉ ጭነት ልታስመልስ ትችላለች።

ገዢ ወቅቱንም ማስላት አለበት። ችግኙ በክረምት መግቢያ ተተክሎ ዛላው ከኅዳር ጀምሮ ይለቀማል፤ ታኅሣሥና ጥር ገበያው የሚሞላበት፣ ዕዳ ያለበት ገበሬም የማይቆይበት ጊዜ ነው። የከተማ እመቤቶች በርበሬያቸውን አስጥተው የሚያስፈጩት ፀሐዩ ሳለ፣ ክረምት ከመግባቱ በፊት ነውና ፍላጎቱ ከዐቢይ ጾም እስከ ግንቦት ይበረታል። በጥር ገዝቶ እስከ ግንቦት የሚያቆይ ነጋዴ ወለሉ ከመሬት ከፍ ያለ፣ ነፋስ የሚገባበት መጋዘን ካላዘጋጀ፣ የሰኔ ዝናብ ሲጥል ያልተሸጠው ጆንያ ከግድግዳው በኩል መሻገት ይጀምራል።