የፋሲል ግቢ በሮች

ጎንደር ፋሲል ግቢ የገባ ጎብኚ ዓይኑ ግንቦቹ ላይ ያርፋል። በሮቹን ግን አልፏቸው ነው የሚገባው። እኔ ብጠየቅ ከበሮቹ ጀምሩ እላለሁ። ከግቢው ብዙ ነገር ጠፍቷልና፣ በዚያ ማን ይኖር፣ ማንስ ይገባ ይወጣ እንደነበር አሁንም የሚነግሩን እነሱ ናቸው።

ዐፄ ፋሲለደስ ጎንደርን መናገሻ ያደረጓት እ.ኤ.አ. በ1636 ነው። ተከታዮቻቸውም በየዘመናቸው ግንብና አዳራሽ ጨመሩ። ሁሉንም ያቀፈው አጥር 900 ሜትር ያህል ይረዝማል፤ 12 በሮች እንዳሉት ይነገራል። ከዚያ ወዲህ የወረደበት ብዙ ነው፦ የ1704ቱ የመሬት መንቀጥቀጥ፣ ከተማዋን በ1866 ያቃጠሉት ዐፄ ቴዎድሮስ፣ በ1888 የመጣው ደርቡሽ፣ በ1941 ደግሞ ጣሊያንን ለማስወጣት የተጣለው የእንግሊዝ ቦምብ።

ዋናው ፊት በር ነው። ጃን ተከል በርም ይባላል፤ አዋጅ ወደሚነገርበት አደባባይና ወደ ታላቁ ዋርካ ይከፈታል። ሌላው በር ሁሉ ባለቤት ነበረው። ዳኞች በወምበር በር፣ የፈረሰኞቹ አለቃ በባልደራስ በር፣ ሙዚቀኞች በእምቢልታ በር፣ የእቴጌይቱ አገልጋዮች በኳሊ በር ይገቡ ነበር። እልፍኝ በር ወደ ግቢው የግል መኖሪያ ያስገባል። የተዝካር ድግስ እንኳ ራሱን የቻለ ተዝካሮ በር ነበረው! ማዕረግና ሥራ እንዲህ በድንጋይ ተለይቶ የተቀመጠበት ሌላ ግቢ በአገራችን አላውቅም።

ከሁሉ የሚገርሙኝ ድልድይ የነበራቸው ናቸው። ከአዛዥ ጥቁሬ በር ወደ አደባባይ ተክለ ሃይማኖት፣ የፈታዮች በር ከሚባለው ከአደናግር በር ደግሞ በሸማኔዎች ሰፈር ወዳለው ቅዱስ ሩፋኤል የሚያሻግር ድልድይ ነበር። ከቤተ መንግሥት ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ ሰው ከሕዝቡ ጋር ሳይጋፋ ከላይ ያልፍ ነበር ማለት ነው።

ራስ በር ደግሞ ፖለቲካ አለበት። ሌላው ስሙ የቋረኞች በር ነው። እቴጌ ምንትዋብ የቋራ ሰው ነበሩ፤ በልጃቸው በዳግማዊ ኢያሱ ዘመን ዘመዶቻቸው በቤተ መንግሥቱ ገነኑ። የእቴጌይቱ እናት የወይዘሮ እንኮዬ ስምም በሌላ በር ተጠራ፦ እንኮዬ በር። እቴጌይቱ በኋላ ከከተማው ወጣ ብለው ቁስቋም ላይ ቤተ መንግሥትና ቤተ ክርስቲያን አሠሩ። በ1769 የልጅ ልጃቸው ዐፄ ኢዮአስ ሲገደሉ ሥልጣኑ ወደ መሳፍንቱ ዞረ። ቋረኞች በሩን ቢያጡም ስሙ አልተነጠቀም። የመርካቶ ሰው ይህ አይገርመውም፤ በአንድ ሰፈሩ የነበሩት አሜሪካኖች ከሄዱ ስንት ዘመናቸው፣ ሰፈሩ ግን አሜሪካን ግቢ መባሉን አልተወም።