ሰሙን አንብቦ ወርቁን ማግኘት

የዛሬው ትምህርታችን ባህላችን ቀልዳችንንና የፈጠራ ችሎታችንን እንዴት እንደሚቀርጽ ያስረዳል።

ከየካ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው ዳገት አንዲት ሴት ሁለት አህያ ስትነዳ ቢያገኙ «እንዴት ዋልሽ?» ይሏታል። ጠና ያሉ ከሆኑ «እንዴት ዋሉ?» ይላሉ። በ1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ዘውድ የጫኑት የዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ሰው የነበሩት አለቃ ገብረ ሃና ግን፣ እንደሚነገረው፣ እንዲህ ያለችዋን ሴት «እንዴት ዋላችሁ?» አሏት። አንድም የስድብ ቃል አልወጣቸውም፤ ነገር ግን ሴትዮዋን ከአህዮቹ ጋር ደመሯት! ለአንዱም ለብዙውም ሰላምታው አንድ በሆነበት አገር ይህ ቀልድ አያስቅም።

ታዲያ ነገር ለምን እንዲህ ዞሮ ይነገራል? በባህላችን ሹምንና ሽማግሌን ፊት ለፊት መንቀፍ ነውር ነው፤ በድሮው ዘመን ያስቀጣም ነበር። ስለዚህ ተናጋሪው ሐሳቡን መሸፈን ተማረ። አንጥረኛ ጌጡን መጀመሪያ በሰም ይቀርጻል፤ በጭቃ ይሸፍነዋል፤ ሰሙ ቀልጦ ሲወጣ ወርቁ በቦታው ይገባል። «ሰምና ወርቅ» ማለት ከዚሁ የመጣ ነው። የቅኔ ተማሪ ለዓመታት የሚደክመውም ለዚሁ ነው።

ፊደላችንም ያግዛል። መጥበቅና መላላት በጽሑፍ አይታይምና። እስኪ «ሹሙ ይመታል» ብለው ይጻፉ። አላልተው ሲያነቡት ሹሙ ሰው ይደበድባል፤ አጥብቀው ሲያነቡት ግን ራሱ ሹሙ ይደበደባል። ጽሑፉ ያው አንድ ነው። ጸሐፊው ቢጠየቅ «እኔ እንዲህ አላልኩም» ብሎ ያመልጣል።

ይሁንና ክልከላ ሁልጊዜ ብልሃት አይወልድም። «ልጅ በትልቅ ፊት አይስቅም»፣ «ሴት ድምጿን ዝቅ ታድርግ» የሚለው ልማድ የስንቱን አፍ ዘግቷል! የአለቃ ቀልድ ሲወርድ ሲዋረድ ደርሶናል፤ የዚያች ባለ አህያ ስም ግን እንኳ አልተነገረንም። መጻፍ የሚችል ሰው ቀልዱም መልሱም ከራሱ ጋር አይቀበርም። ማንበብና መጻፍ የሚያስፈልገው ደብዳቤ ለማንበብና ለመፈረም ብቻ አይደለም የምንለው ለዚህ ነው።

እንግዲህ ዛሬ ማታ ልጅዎን አጠገብዎ አስቀምጠው «ገና»፣ «ዋና»፣ «አለ» የሚሉትን ቃላት አንዴ አጥብቆ፣ አንዴ አላልቶ እንዲያነብ ይጠይቁት። ከዚያም በአንዱ ቃል የራሱን ቀልድ ይጻፍ። ካሳቀዎት አይቆጡት፤ አብረውት ይሳቁ። ደህና ይሁኑ።