ደማቁ የርእስ ፊደልና አገልግሎቱ

አንድ ጋዜጣ ስንዘረጋ ዓይናችን አስቀድሞ የሚያርፈው በርእሱ ላይ ነው። ርእሱ ከሌላው ጽሑፍ ተለይቶ የሚታየው ግን በትልቅነቱ ብቻ አይደለም፤ በፊደሎቹ ቅርጽም ጭምር ነው። ረጅም ጽሑፍ እንዲነበብበት የሚቀረጽ ፊደልና ከሩቅ እንዲታይ የሚቀረጽ ፊደል የተለያዩ ናቸው። በዚህ ምንባብ የምንመለከተው ሁለተኛውን፣ በተለይም የመስመሮቹ ውፍረትና ቅጥነት እጅግ የተራራቀበትን የላቲን የርእስ ፊደል ነው።

ይህ ፊደል በሦስት ነገሮች ይታወቃል። አንደኛ፣ ቁም መስመሮቹ እንደ ምሰሶ ሲወፍሩ አግዳሚዎቹ እንደ ክር ይቀጥናሉ። ለምሳሌ «ኤች» የተባለው ትልቅ ፊደል በአንዲት ቀጭን መስመር የተያያዙ ሁለት ወፍራም ምሰሶዎች ሆኖ ይታያል። የ«ኦ» ግራና ቀኝ ጎን ሲወፍር አናቱና ግርጌው ይሳሳል። ሁለተኛ፣ በምሰሶዎቹ ጫፍ ላይ «ሰሪፍ» የሚባሉ ቀጫጭን አግዳሚ ጭረቶች አሉ። ሦስተኛ፣ ፊደሉ በወረቀቱ ላይ ብዙ ቀለም ስለሚያሳርፍ ከሩቅ ይጎላል።

ፊደሉ ይህን መልክ የያዘው በድንገት አይደለም። በቀደሙት የአውሮፓ ማተሚያ ቤቶች ወረቀቱ ሸካራ፣ ማተሚያውም የእንጨት ስለነበረ፣ እንደ ክር የቀጠነ መስመር አጥርቶ ማተም አስቸጋሪ ነበር። በ18ኛው ምዕተ ዓመት ግን የበርሚንግሃሙ አታሚ ጆን ባስከርቪል ለስላሳ ወረቀትና ጥቁረቱ የጠለቀ ቀለም በመጠቀም፣ እ.ኤ.አ. በ1757 የሮማዊውን ባለቅኔ የቨርጂልን ሥራዎች አተመ። ከእርሱም በኋላ በፓሪስ ፊርማን ዲዶ፣ በኢጣሊያ ደግሞ ጃምባቲስታ ቦዶኒ የመስመሮቹን ልዩነት ይበልጥ አራራቁት።

ቦዶኒ እ.ኤ.አ. በ1740 በሳሉዞ ተወለደ፤ ከ1768 ጀምሮም የፓርማን መስፍን ማተሚያ ቤት መራ። ፊደሎቹን ሰፊ ኅዳግ ባላቸው ትላልቅ ገጾች ላይ፣ በመስመሮቹ መካከል በቂ ክፍት ቦታ እየተወ ያትም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1813 ሲሞት የፊደል ናሙናዎቹን የያዘው ታላቅ ሥራው ገና ለኅትመት አልበቃም ነበር፤ በ1818 በሁለት ቅጽ አሳትማ ለዓለም ያበቃችለት ባለቤቱ ማርጌሪታ ናት።

በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ፊደሉ ከመጽሐፍ ወደ አደባባይ ወጣ። በለንደን ከተማ የሎተሪና የቲያትር ማስታወቂያዎች በየግድግዳው ተጠጋግተው ይለጠፉ ስለነበር፣ እያንዳንዱ ከጎረቤቱ ልቆ መታየት ነበረበት። ስለዚህ ሮበርት ቶርንን የመሳሰሉ ፊደል ቀራጮች ወፍራሙን መስመር እጅግ አወፈሩት፤ ቀጭኑን ግን በቅጥነቱ ተዉት። ግዙፍ ፊደል ከብረት ማቅለጥ ክብደትና ወጪ ስለሚያበዛ፣ ዳርየስ ዌልስ የተባለ የኒውዮርክ አታሚ እ.ኤ.አ. በ1827 የእንጨት ፊደል በብዛት ለማምረት የሚያስችል ዘዴ አስገኘ። እ.ኤ.አ. በ1928 በአሜሪካ የወጣው «አልትራ ቦዶኒ» የዚሁ ወገን ነው። «ቮግ» የተባለው የፋሽን መጽሔት ስሙን የሚጽፍበት ፊደልም ከዚሁ ዘር ይቆጠራል።

ይሁን እንጂ ይህ ፊደል ኃይሉና ድካሙ ከአንድ ምንጭ የሚፈልቁ ናቸው። በትልቁ ሲታተም ውበት የሚሰጡት ቀጫጭን መስመሮች በትንሹ ሲታተሙ፣ ወይም ወረቀቱ መናኛ ሲሆን፣ ይጠፋሉ። ያን ጊዜ «ኤች» መጋጠሚያዋን አጥታ ሁለት የተነጣጠሉ ምሰሶዎች ብቻ ትሆናለች፤ አንባቢውም ማንበቡን ትቶ ወደ መገመት ይገባል። የመድኃኒት መጠን ወይም የአደጋ ማስጠንቀቂያ ደግሞ በግምት የሚነበብ ነገር አይደለም።

ይህ ጥንቃቄ ለግእዝ ፊደልም ይሠራል። የብራና ጸሐፍት በመቃ ብዕር ሲጽፉ ወፍራምና ቀጭን መስመር ያፈራርቃሉ፤ ርእስን ለይተው ማሳየት ሲፈልጉ ግን ፊደሉን ከማወፈር ይልቅ ቀይ ቀለም ይጠቀማሉ። በፊደላችን የአናባቢ ምልክቶች ትናንሽ ቅጥያዎች ስለሆኑ፣ ቅጥያውን ከመጠን በላይ የሚያቀጥን የፊደል ቀራጭ ትርጉምን እስከ መለወጥ ይደርሳል። «ከፈሉ» የሚለው ቃል የመጨረሻው ፊደል ቅጥያ ቢጠፋ «ከፈለ» ተብሎ ይነበባል፤ የብዙዎች ዕዳ የተከፈለበት ጽሑፍም የአንድ ሰው ብቻ መስሎ ይታያል።

እንግዲህ ደማቁ ፊደል ለጋዜጣ ርእስ፣ ለመጽሐፍ ሽፋንና ለግድግዳ ማስታወቂያ ይስማማል፤ ቃላቱ ጥቂት፣ ዙሪያውም ክፍት ሲሆን ይበልጥ ያምራል። ለዝርዝር ጽሑፍ ግን የመስመሮቹ ልዩነት መጠነኛ የሆነ ፊደል ይመረጣል። ተማሪዎች በትምህርት ቤታችሁ ማስታወቂያ በምታዘጋጁበት ጊዜ ወረቀቱን በግድግዳ ላይ ለጥፋችሁ ዐሥር እርምጃ ያህል ራቁና ተመልከቱት። ርእሱ ከዚያ ሆናችሁ ካልታያችሁ፣ ቀርባችሁም ዝርዝሩን ማንበብ ካቃታችሁ፣ ጉድለቱ ከፊደሉ ምርጫ ሊሆን ስለሚችል መልሳችሁ መርምሩት።