ተከታታይ ፍሬቻ በቀድሞዋ ሙስታንግ ላይ

ፍሬቻ፣ መኪና ወዴት ሊታጠፍ እንዳሰበ ለሌሎች አሽከርካሪዎች የሚያሳውቅ መብራት ነው። አብዛኛው ፍሬቻ ባለበት ቦታ ላይ ብልጭ ድርግም ይላል። ተከታታይ ፍሬቻ ግን አቅጣጫውን በእንቅስቃሴ ያሳያል። የኋላ መብራቱ በእያንዳንዱ ጎን ሦስት ክፍሎች አሉት። አሽከርካሪው ወደ ቀኝ ፍሬቻ ሲያበራ በመጀመሪያ ለመኪናው መሃል የሚቀርበው ክፍል ይበራል፤ እሱ ሳይጠፋ ሁለተኛው፣ ከዚያም ጠርዝ ላይ ያለው ሦስተኛው ይጨመራል። ሦስቱም በአንድነት ጠፍተው ዙሩ እንደገና ይጀምራል። ከኋላ የሚመጣ ሰው ብርሃኑ ወደ መታጠፊያው ሲጓዝ ያያል።

ሐሳቡ የተወለደው በአሜሪካ ነው። ፎርድ ኩባንያ ተንደርበርድ በተባለው መኪናው የ1964 ሞዴል ላይ ሊያስገባው አቅዶ ነበር (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ይሁን እንጂ የአንዳንድ ግዛቶች የመኪና መብራት ሕግ እንዲህ ያለውን ፍሬቻ ስለማይፈቅድ እስከ 1965 ሞዴል ዘገየ። የዚያ ዘመን አሠራር ሜካኒካዊ ነበር። ዕቃ መጫኛው ውስጥ የተቀመጠ ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ጎበጥ ጎበጥ ያሉ ተሽከርካሪ ዲስኮችን ያዞራል፤ ዲስኮቹም ሲዞሩ የኤሌክትሪክ መገናኛዎችን በየተራ ይጫናሉ፤ አምፖሎቹም በዚያው ቅደም ተከተል ይበራሉ።

ከፎርድ መኪኖች አንዷ በሆነችው በሙስታንግ መሠረት ላይ የተሠራው ሜርኩሪ ኩገር የተባለ መኪና በ1967 ሞዴሉ ይህንኑ ፍሬቻ ይዞ ገበያ ወጣ። የውድድር መኪና ሠሪው ካሮል ሼልቢም በዚያው ዓመት ላሻሻላቸው ሙስታንጎች የኩገርን የኋላ መብራት ወሰደ፤ በ1968 ደግሞ የ1965ቱን ተንደርበርድ መብራት ተጠቀመ። ተራዋ ሙስታንግ ግን ተከታታይ ፍሬቻን ከፋብሪካ ይዛ የወጣችው በ2010 ሞዴል ነው። የቀድሞዋን ሙስታንግ የሚወዱ ሰዎች ይህን መብራት ራሳቸው መግጠም የሚፈልጉትም ለዚህ ነው።

የ1965 እና የ1966 ሙስታንግ ለዚህ ሥራ ጥሩ ማስተማሪያ ናት። የኋላ መብራቷ ከውጭ ሲታይ በእያንዳንዱ ጎን ሦስት ቀጥ ያሉ ቀይ ክፍሎች አሉት። ከውስጥ ግን ሦስቱንም የሚያበራው አንድ አምፖል ብቻ ነው። ስለዚህ ክፍሎቹን በየተራ ለማብራት አምፖሉ ወጥቶ በሦስት የተከፈለ የኤልኢዲ ሰሌዳ መግባት አለበት። ኤልኢዲ፣ ሽቦ ሳያግል ከኤሌክትሪክ በቀጥታ ብርሃን የሚሰጥ ትንሽ መብራት ነው። የመብራቱ ቀይ ሽፋን ከቀይ ሌላ ያለውን ብርሃን ስለሚያስቀር፣ ከጀርባው የሚገባው ኤልኢዲም ቀይ ቢሆን ይመረጣል።

ነባሩ አምፖል ሁለት የሚግሉ ሽቦዎች አሉት። ደካማው የሌሊት መብራት ነው፤ ብርቱው ደግሞ ፍሬንም ፍሬቻም ሆኖ ያገለግላል። የፍሬኑ ኤሌክትሪክ ወደ ኋላ ከመሄዱ በፊት በመሪው ዘንግ ላይ ባለው የፍሬቻ ማብሪያ ያልፋል። ፍሬቻ ሲበራ ማብሪያው ያንን ጎን ከፍሬኑ መስመር ለይቶ ከፍላሸሩ ጋር ያገናኘዋል። ፍላሸር ኤሌክትሪኩን እያቋረጠና እየለቀቀ ፍሬቻው ብልጭ እንዲል የሚያደርግ ትንሽ ዕቃ ነው። ስለዚህ ወደ እያንዳንዱ ጎን በሚሄድ አንድ ሽቦ ላይ ሁለት መልእክቶች ይጓዛሉ፤ አንዱ «እየቆምኩ ነው» የሚል፣ ሌላው «እየታጠፍኩ ነው» የሚል።

የተከታታይ ፍሬቻ ዋናው ቁም ነገር እነዚህን ሁለት መልእክቶች መለየት ነው። ፍሬቻ በየተራ ቢበራ ያምራል፤ የፍሬን መብራት ግን አንድም ክፍል ሳይዘገይ በአንድ ጊዜ መብራት አለበት። ለዚህ የተሠራው መቆጣጠሪያ ሁለቱንም ጎኖች ይከታተላል። ኤሌክትሪክ በግራም በቀኝም በአንድ ጊዜ ከመጣ ፍሬን ተይዟል ማለት ነውና ሁሉንም በአንድነት ያበራል። በአንዱ ጎን ብቻ እየተቆራረጠ ከመጣ ግን ፍሬቻ ነው፤ ቅደም ተከተሉን ይጀምራል። መቆጣጠሪያ የሚገዛ ሰው አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት፣ ዕቃው ይህን መለየት ይችል እንደሆነ ነው።

ሥራው የሚጀመረው የባትሪውን ኔጋቲቭ ገመድ በመፍታት ነው። በዚህች መኪና ላይ ይህ ጥንቃቄ ልዩ ምክንያት አለው፤ የነዳጅ ታንከሯ የላይኛው ገጽ ራሱ የዕቃ መጫኛው ወለል ነው፤ የነዳጅ መሙያውም በሁለቱ የኋላ መብራቶች መካከል ይገኛል። ስለዚህ የእሳት ብልጭታ እንዳይነሳ መጠንቀቅ፣ ወለሉንም አለመብሳት ግዴታ ነው።

ቀጥሎ የመብራቱ ቤት ከዕቃ መጫኛው በኩል ይፈታል፤ ነባሩ አምፖል ከነመያዣው ይወጣል፤ የኤልኢዲ ሰሌዳውም በቦታው ይገባል። ስልሳ ዓመት ገደማ በሆነው መኪና ላይ ሽቦዎች ተቀያይረው ሊሆን ስለሚችል፣ የትኛው የሌሊት መብራት፣ የትኛው የፍሬንና የፍሬቻ እንደሆነ ቀለማቸውን ብቻ አይቶ መደምደም አይገባም። በቴስተር እየለኩ እያንዳንዱን ማረጋገጥ ይሻላል፤ ለዚህ ልኬታ ባትሪው ለጊዜው ይታሰራል፣ ሲያበቃ ተመልሶ ይፈታል። ተራ አምፖል በየትኛውም አቅጣጫ ቢታሰር ይበራል፤ ኤልኢዲ ግን ፖዘቲቩና ኔጋቲቩ ከተቀያየሩ አይሠራም።

ከዚያ የማሳው ተራ ነው። ማሳ፣ ኤሌክትሪኩ በመኪናው ብረት በኩል ወደ ባትሪው የሚመለስበት መንገድ ነው። ዝገት ወይም ቀለም ይህን መንገድ ሲዘጋው መብራቱ ይፈዛል፣ ወይም የማይገባው ክፍል አብሮ ይበራል። ስለዚህ ማሳው የሚታሰርበት ቦታ ብረቱ እስኪያበራ ድረስ በብርጭቆ ወረቀት ይጸዳል፤ ሽቦውም በብሎን ጠብቆ ይታሰራል።

የመጨረሻው ሥራ ፍላሸሩን መለወጥ ነው። የድሮው ፍላሸር በውስጡ ያለው የብረት ምላስ በአምፖሎቹ ኤሌክትሪክ እየጋለ ሲታጠፍ፣ እየቀዘቀዘ ሲመለስ የሚሠራ ነው። ኤልኢዲ የሚወስደው ኤሌክትሪክ ትንሽ ስለሆነ ምላሱን በሚገባ ላያግለው ይችላል። በምትኩ ፍጥነቱ በአምፖሎቹ ጭነት የማይወሰን ኤሌክትሮኒክ ፍላሸር ይገባል፤ አንዳንዱም ለብቻው የማሳ ሽቦ ይፈልጋል። ባትሪው ታስሮ መኪናዋ መንገድ ላይ ከመውጣቷ በፊት የሌሊት መብራት፣ ፍሬን፣ ግራና ቀኝ ፍሬቻ አንድ በአንድ ይሞከራሉ፤ በመጨረሻም ፍሬን ተይዞ ፍሬቻ ይበራል። አንዱ ጎን ሳይቋረጥ በርቶ ሌላው በተራ ከተጓዘ ሥራው ተሳክቷል።

ሕጉ ከአገር አገር ይለያያል። በአሜሪካ የኋላ ፍሬቻ ቀይ ሊሆን ይችላል። የአውሮፓ አገሮች የሚከተሉት የተባበሩት መንግሥታት ደንብ ግን ብርቱካናማ እንዲሆን ያዝዛል፤ በደቂቃ ከ60 እስከ 120 ጊዜ ብልጭ እንዲል፣ ተከታታይ ከሆነም የመጨረሻው ክፍል በ0.2 ሰከንድ ውስጥ እንዲበራ ይጠይቃል።

የዚህ ሥራ ጥቅም ከውበት ያልፋል። ፍሬንና ፍሬቻ ሁለቱም ቀይ በሆኑበት መኪና፣ ከኋላ ያለ አሽከርካሪ አንዱን ጠርዝ ብቻ ቢያይ ፍሬን እየተነካካ ይሁን ፍሬቻ ለመለየት ይቸገራል። የሚጓዝ ብርሃን ይህን ጥርጣሬ ያስወግዳል። የሚግል ሽቦ ያለው አምፖል ሙሉ ብርሃኑን ለመስጠት 0.2 ሰከንድ ያህል ይፈጃል፤ ኤልኢዲ ግን ወዲያው ይበራል። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚነዳ መኪና በ0.2 ሰከንድ ውስጥ 5.6 ሜትር ያህል ይጓዛል። ሥራው በትክክል ሲሠራ የቀድሞዋ ሙስታንግ መልኳ ሳይለወጥ፣ ከኋላዋ ለሚመጣው አሽከርካሪ ፍሬን ለመያዝ ይህን ያህል ተጨማሪ ርቀት ትሰጠዋለች።