ቁንጭር የተደበቀበት ሴል

ባለፈው ክረምት የአክስቴ ልጅ ከኩታበር መጥታ ወሰን እኛ ቤት አረፈች። አመጣጧ እንጦጦ ማርያም ጠበል ለመጠመቅ ነበር። አፍንጫዋ ላይ የወጣው ቁስል ዓመት አልፎታል፤ እንግዳ ሲመጣ ነጠላዋን ወደ ላይ ትስበዋለች። እናቴ ገና እንዳየቻት «ይሄማ ቁንጭር ነው» አለች። ጠበሉንም ተጠመቀች፣ ሐኪም ቤትም ሄደች፤ ለአንድ ወር በየቀኑ መርፌ ታዘዘላት። መርፌው ያማል። «ለፊት ቁስል ቅባት አይበቃም እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔ የጋዜጠኝነት ተማሪ ነኝ፣ ምን አውቃለሁ! ግን ማንበብ ጀመርኩ።

ችግሩ ተውሳኩ የሚኖርበት ቦታ ላይ ነው። በአገራችን ቁንጭርን በአብዛኛው የሚያመጣው ሌሽማንያ ኤትዮፒካ ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1973 በአገራችን ስም የተሰየመ መሆኑ አያኮራም። በደጋው ገደል ሽኮኮ ይሸከመዋል፣ የአሸዋ ዝንብ ደግሞ ወደ ሰው ታሻግረዋለች። ሰውነት ውስጥ ሲገባ ማክሮፌጅ የሚባለው የመከላከያ ሴል ይውጠዋል። መሞት ሲገባው እዚያው በአሲዳማ ከረጢት ውስጥ ይራባል። ሌባ ፖሊስ ጣቢያ ውስጥ ቤት ተከራየ እንደማለት ነው። ስለዚህ መድኃኒቱ የቆዳውን፣ የሴሉንና የከረጢቱን በር ማለፍ አለበት።

ታዲያ ካይቶሳን የሚባል ነገር አገኘሁ። ከሽሪምፕና ከሸርጣን ቅርፊት የሚሠራ የተፈጥሮ ፖሊመር ነው። የለንደን ስኩል ኦፍ ሃይጂን ኤንድ ትሮፒካል ሜዲስን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2020 ባሳተሙት ጥናት ካይቶሳንን በሚያበራ ቀለም ምልክት አድርገው ተከተሉት። ሰብሮ አልገባም፤ ሴሉ በዙሪያው ያለውን ፈሳሽ ሲጠጣ አብሮ ተጠጣና ተውሳኩ ያለበት ከረጢት ውስጥ ተጠራቀመ። ያለዚህ መጠጣት ሥራውን አይሠራም። ሴሉን ቢያነሳሳውም ተውሳኩ የሚሞተው በዚያ ምክንያት አይደለም፤ ተውሳኩን የሚመታው ራሱ ነው።

ደስ ያለኝ ግን ይሄ ነው፦ በፒኤች 6.5 ላይ ያለው ኃይል ከ7.5ቱ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። በአሲድ ውስጥ ካይቶሳን ፖዘቲቭ ቻርጅ ይይዛል፣ የተውሳኩ ገጽ ደግሞ ኔጋቲቭ ነው። ተውሳኩ የተመቸው አሲድ ጠላቱንም ያበረታል ማለት ነው።

ሆኖም ሙከራው በላቦራቶሪ ሳህን ላይ፣ በሌሎች ሁለት የሌሽማንያ ዝርያዎች ነው የተደረገው እንጂ በእኛው ኤትዮፒካ አይደለም። ይህንን ሁሉ ለአክስቴ ልጅ አስረዳኋት። በጥሞና ሰምታ «እና ቅባቱ መቼ ይደርሳል?» አለች። የዚያን ቀን አሥራ ዘጠነኛው መርፌዋ ነበር፤ ታክሲ እስክትይዝ ሸኘኋት።