የታፈረበት ሕመም፤ ስለ ወንድ አባለ ዘር መቆጣት ለቤተ ሰብ የቀረበ ምክር

ስለ ዓይንና ስለ ጥርስ ሕመም በማዕድ ዙሪያ ሳይቀር እንነጋገራለን። ስለ ወንድ አባለ ዘር መቆጣት ግን ልጅ ለአባቱ፣ ባልም ለሚስቱ አይናገርም። ጨዋነት መልካም ነው፤ ሕመምን ሸሽጎ የሚያባብስ ኀፍረት ግን ማንንም አይጠቅምም። ስለዚህ ነገሩን በጨዋ ቃል ልናስረዳ ወደድን።

በነፋስ መውጫና በአካባቢዋ፣ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ፣ ወንድ ልጅን በተወለደ በ8ኛው ቀን መግረዝ የቆየ ልማድ ነው። ቤተ ክርስቲያናችንም የጌታችንን ግዝረት ጥር 6 ቀን ታከብራለች። ሆኖም ዐፄ ገላውዴዎስ በ1547 ዓ.ም. በጻፉት የሃይማኖት መግለጫ፣ ግርዛት በእኛ ዘንድ እንደ አይሁድ ሕግ ሳይሆን እንደ አገር ልማድ የሚፈጸም መሆኑን ገልጸዋል። ይህን ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። ሕፃኑ ደካማ ወይም የታመመ እንደ ሆነ ግርዛቱ ቢዘገይ ወላጆች ሊጨነቁ አይገባም። የሽንቱ ቀዳዳ ከጫፍ ሳይሆን ከሥር በኩል ከሆነ ደግሞ ሐኪም ሳያየው ፈጽሞ አይገረዝ፤ በኋላ ሐኪሙ ሲያስተካክለው ሸለፈቱ ያስፈልገዋልና።

የሚገርዘው ሰው እጁን በሳሙና ይታጠብ፤ ለእያንዳንዱ ሕፃን ያልተነካ አዲስ ምላጭ ይያዝ። ከሁሉ የሚሻለው ግን በሕክምና ቤት ማስገረዝ ነው። እናትም በእርግዝናዋ ወራት የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ብትከተብ ልጇንም ትጠብቃለች። በቁስሉ ላይ ቅቤ፣ አመድ ወይም ቅጠል ማድረግ ጀርም መጋበዝ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ስስ ቢጫ ልባስ ቢታይ የመዳን ምልክት ነውና አይላጥ፤ ቁስሉም አብዛኛውን ጊዜ በ7 እስከ 10 ቀን ይድናል። ነገር ግን ቅላቱ እየሰፋ ከሄደ፣ የሚሸት መግል ከወጣ፣ ደሙ አልቆም ካለ፣ ሕፃኑ ካተኮሰው፣ ጡት እምቢ ካለ ወይም ሽንቱ ከቆመ፣ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ይወሰድ።

ግርዛት ሕመሙን ይቀንሳል እንጂ ፈጽሞ አያስቀርም። ባልተገረዘ ሰው ከሸለፈቱ ሥር እርጥበትና እድፍ ስለሚጠራቀም ሕመሙ ይበዛል። በተገረዘውም ላይ እርሾ መሰል ፈንገስ፣ ባክቴሪያ፣ በግንኙነት የሚተላለፍ በሽታ፣ ወይም ቆዳን የሚያቃጥል ሳሙና ያስነሣዋል። ምልክቱ ቅላት፣ ማሳከክ፣ እብጠት፣ ፈሳሽና ሽንት ሲሸኑ ማቃጠል ነው።

እዚህ ላይ የቆሎ ተማሪዎችን እናስባለን። የድጓ ማስመስከሪያ የሆነችው ቤተልሔም በጋይንት ምድር ናት። ከእናቱ ርቆ፣ በደጋው ብርድ፣ በጎጆ ውስጥ የሚያድር ልጅ ገላውን የሚታጠብበት ሙቅ ውሃ በቀላሉ አያገኝም፤ ቢታመምም ለመምህሩ መናገር ያፍራል። መምህራን ሆይ፤ ልጁ አካሄዱ ሲለወጥ ወይም ሽንት ሲሸና ሲያቃስት ብታዩ፣ ብቻውን ጠርታችሁ በአባት ቃል ጠይቁት።

ጎልማሳውም በተለይ ልብ ይበል። ሕመሙ ድኖ ደጋግሞ ከተመለሰ የስኳር በሽታ ሊሆን ይችላልና ደሙን ይመርመር። ብዙ ውሃ የሚጠጣና ሌሊት ለሽንት የሚመላለስ ከሆነ ጥርጣሬው ይበልጥ ይጠነክራል።

ሕክምናው እንደ መንሥኤው ነው። በቀን አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ጥቂት ጨው በተጨመረበት ለብ ያለ ውሃ ማጠብ፣ ቀስ አድርጎ ማድረቅ፣ ሕመሙ እስኪተውም ድረስ ሳሙና አለማስነካት ይጠቅማል። ፈንገስ ከሆነ ሐኪሙ እንደ ክሎትሪማዞል ያለ ቅባት ያዛል፤ ባክቴሪያ ከሆነ ሌላ መድኃኒት አለው። ከጎረቤት የተረፈ ክኒን መዋጥ ግን በሽታውን ይሸፍነዋል። በግንኙነት የመጣ ከሆነ ባልና ሚስት አብረው ይታከሙ፤ አለዚያ አንዱ ሲድን ሌላው መልሶ ያሲዘዋል። ወደ ኋላ የተሳበ ሸለፈት አልመለስ ካለ ወይም ሽንት ፈጽሞ ከተከለከለ በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም መሮጥ ነው። ለሳምንታት ያልዳነ ቁስልም ነቀርሳ አለመሆኑ ይመርመር።

ጸበሉን ተዉ አላልንም። ወንጌላዊው ሉቃስ ሐኪም ነበር፤ መጽሐፈ ሲራክም በ38ኛው ምዕራፉ ሐኪምንና መድኃኒትን የፈጠረ እግዚአብሔር መሆኑን ያስተምራል። በነፋስ መውጫ ሆስፒታል አለ፤ ከፍ ያለ ሕክምና ሲያስፈልግም በወረታና በወልድያ መንገድ ወደ ደብረ ታቦር ይኬዳል። ሐኪምም የሰማውን በምሥጢር ይጠብቃል። እንግዲህ አባቶች ሆይ፤ ዛሬ ማታ ወንድ ልጆቻችሁን ለብቻ ጠርታችሁ፣ «ልጄ፣ በሰውነትህ የሚያምህ ነገር ቢኖር ለእኔ ንገረኝ» በሏቸው። ይህች አንዲት ቃል ልጁን ከብዙ ሥቃይ ታድነዋለች።